ከናፍቆትህ በቀር፦ በ1883 ዓ.ም. ከሐረር ስለ ወጡ ደብዳቤዎች

ውድ አንባቢያን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ሰላምታ ልማድ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ እላለሁ፤ የዛሬው መጣጥፌ ስለ እርሱ ነውና።

ከወዳጅ ቤት በእንግድነት ሰንብቶ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው፣ የበላበትን ማዕድና ያረፈበትን መደብ አስታውሶ ደብዳቤ ይሰድድ ዘንድ ይገባዋል የሚለው ሥርዓት በእኛ ዘንድ የቆየ ነው። የደብዳቤው አጻጻፍም የታወቀ ነው። «ይድረስ ለውድ ወዳጄ» ተብሎ ይጀመራል። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። «እኔ ከናፍቆትህ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይባላል። ልጆች፣ ጎረቤት፣ ከብቱ ሳይቀር በየተራ ይጠየቃሉ። ጉዳይ ካለ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ወረቀቱ ስላለቀ ሳይመጣ ይቀራል። የነገሥታቱ ደብዳቤዎች እንኳ ከዚህ ሥርዓት አልወጡም። ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ውል ከመጻፋቸው አስቀድመው እንደምን ሰነበትህ ይላሉ፤ እኔም ሠራዊቴም ደህና ነን ይላሉ።

የዘመኑ ሰው በዚህ ይስቃል። ገጹ በሰላምታ አለቀ፣ ፍሬ ነገሩ ወዴት አለ? ይላል። እኔ በምሠራበት ባንክ በየቀኑ ከእጄ የሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ «ጉዳዩ፦» ከሚል ከሥሩ ከተሰመረበት ቃል ይጀምራል፤ ለመሥሪያ ቤት ሥራ ከዚህ የተሻለ አጀማመር የለም። በወዳጅ ደብዳቤ ግን ጉዳዩ ሰላምታው ራሱ ነው። ይህን ለማስረዳት አንባቢን ወደ ጀጎል፣ ወደ 1883 ዓ.ም. ክረምት ይዤ ልሄድ እወዳለሁ። ታሪኩ ከአውሮፓ ሰዎች ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመናት «ዓ.ም.» ካላልኩባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጀጎልን ያየ ሰው ያውቃታል። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያስገነቡት ግንብ ዙሪያዋን ከቧት፣ አምስቱ ጥንታውያን በሮቿ ወደየአቅጣጫው ተከፍተው፣ ጠባብ ጎዳናዎቿ እንደ እጅ መስመር ተጠላልፈው ትታያለች። ዩኔስኮ በ2006 ከዓለም ቅርሶች ተርታ መዝግቧታል። ይሁን እንጂ የጀጎል ምሥጢር ከግንቡ ይልቅ ከቤቶቿ ውስጥ ነው። በሐረሪ ቤት ከፍና ዝቅ ተደርገው የተሠሩት ነደባዎች እያንዳንዳቸው ባለቤት አላቸው፤ ለአባወራው፣ ለሽማግሌው፣ ለወጣቱ። እንግዳ ሲገባ የሚቀመጥበትን ቦታ ቤቱ ራሱ ይነግረዋል። የቀደመው ደብዳቤያችንም እንዲሁ ይመስለኛል፤ ሰላምታው፣ ምስጋናው፣ ናፍቆቱ፣ ጉዳዩ፣ ሁሉም የየራሱ መቀመጫ አለው።

ለዚህች ከተማ ግን እንግዳ ሁሉ ወዳጅ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጃንዋሪ 1855 ወደ ሐረር ሲቃረብ የዓረብ ነጋዴ መስሎ ነበር። በመንገድ ሳለ ሰዎች ቱርክ ነው ብለው እንደጠረጠሩት በተረዳ ጊዜ፣ እንግሊዛዊነቱን ገልጦ መግባት እንደሚሻለው ቆረጠ። ለአሚሩ የሚያቀርበው የመልእክት ደብዳቤ ግን አልነበረውም። ስለዚህ በኤደን ካለው የእንግሊዝ ሹም የተላከ አስመስሎ ራሱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ይህንንም በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ሳያፍር ተርኮታል። በጀጎል ውስጥ አሥር ቀን ቆይቶ በሰላም ወጣ። እንግዲህ በታሪክ ከታወቁት፣ በአውሮፓዊ እጅ ወደ ጀጎል ከገቡት ደብዳቤዎች አንዷ ሐሰተኛ ነበረች ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሐረር ብዙ አየች። በ1875 የግብፅ ጦር ያዛት፤ በ1885 ለቅቆ ወጣ። አሚር አብዱላሂ ለጥቂት ጊዜ ገዙ። በጃንዋሪ 1887 በጨለንቆ ጦርነት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ድል አደረጉና ከተማይቱን ለዘመዳቸው ለመኮንን ወልደ ሚካኤል አስረከቡ። ታሪካችን የሚመለከተው እኒህን መኮንንና አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴን ነው።

ነጋዴው አርተር ራምቦ ነበር። ራምቦ በ1854 ሻርልቪል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወልዶ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የአገሩን ግጥም የለወጠ፣ ሃያ ዓመት አልፎት ብዙም ሳይቆይ ግን ብዕሩን ጥሎ በዓለም የተንከራተተ ሰው ነው። በኤደን የነበረው የባርዴ የንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ፣ ከዘይላ ተነሥቶ ሃያ ቀን በፈረስ በረሃ አቋርጦ፣ በዲሴምበር 1880 ሐረር ገባ። ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ፤ በ1888 ደግሞ የራሱን ንግድ ከፍቶ ተቀመጠ። በ1886 ግጥሞቹ ፓሪስ ላይ በመጽሔት ሲታተሙ፣ እርሱ በታጁራ ጠረፍ ጠመንጃ የሚጫንበትን የግመል ቅፍለት ይጠባበቅ ነበር። ለቤተሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ላኩልኝ ያላቸው መጽሐፍም የግጥም መድበል አልነበረም፤ የአንቷን ዳባዲን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነበር። ግጥም የተወ ሰው ቋንቋን ግን አልተወም።

በሐረር ከተማ ዛሬ «ራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጠራው፣ በጣውላ ያጌጠው ትልቅ ቤት እርሱ የኖረበት አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ በአንድ የህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። ሆኖም በውስጡ የተሰቀሉትን የድሮ ፎቶግራፎች ማየት ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ትልቅ ነገር ነው። ራምቦ ካሜራ ከአውሮፓ አስመጥቶ በ1883 ራሱን ሐረር ላይ ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ ሥዕሎቹንም ለቤተሰቦቹ ልኳል። እኔ በጎበኘሁበት ጊዜ ከነዚያ ሥዕሎች ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆሜ ነበር። እጁን አጣጥፎ የቆመ፣ ቀጭን፣ ነጭ የለበሰ፣ ፊቱ በውል የማይለይ ሰው ይታያል። ከሥዕሉ ምንም ማንበብ አይቻልም፤ ሰውየውን ማግኘት የሚቻለው በደብዳቤዎቹ ነው።

ከሐረር ለእናቱና ለእኅቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ልብ ያቀዘቅዛሉ። በኦገስት 1888 በጻፈው፣ እጅግ እንደሰለቸው፣ እንደ እርሱ መሰልቸት የሚያውቅ ሰውም አይቶ እንደማያውቅ ይናገራል። በሌሎቹም የሒሳብ፣ የድካም፣ የብቸኝነት ሮሮ ይበዛል። በፌብሩዋሪ 1890 ብቻ ቃሉ ትንሽ ይለዝባል። የሐረር ሰዎች ሥልጡን ከሚባሉት የነጭ አገሮች ሰዎች ይልቅ ሞኞችም ክፉዎችም እንዳልሆኑ፣ እርሱም በሰብዓዊነቱ በአገሩና በመንገዱ ጥቂት ክብር እንዳገኘ፣ ባገኘው አጋጣሚ በጎ ማድረግ ብቸኛ ደስታው እንደሆነ ጽፏል። ይህን ያሉት ታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉ ግን አላመኑትም፤ ራሱን ማመስገኑ ነው ያሉም አሉ። ቅዱስም አልነበረም። በ1889 መጨረሻ ለወዳጁ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በጻፈው ደብዳቤ ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲገዛለት ጠይቆታል፤ ኢልግም ይህን አላደርግም ሲል እንቢ ብሎታል። ይህን ሸፍኖ ስለ ራምቦ ማውራት ሐቀኝነት አይሆንም።

ታዲያ ይህን መራራ ሰው በሐረር የወደደው ነበረን? ጥያቄው ይኸው ነው።

መልሱን ከመኮንን ጋር ከነበረው ግንኙነት እንፈልግ። የተገናኙት በገንዘብ ጉዳይ ነው። ራምቦ 2,040 ጠመንጃዎችና 60,000 ጥይቶች ይዞ ወደ ሸዋ በወጣ ጊዜ የንግድ ሸሪኩ ሞቶበት ነበር፤ ንጉሡም ዋጋውን አስቀንሰው፣ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ሐረር ላይ በመኮንን እጅ የሚከፈል የክፍያ ወረቀት ሰጡት። ራምቦ በ1887 ከእንጦጦ ተነሥቶ፣ ዡል ቦሬሊ ከሚባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ ጋር ሐረር ደረሰ። በዚያው ዓመት ኦገስት ምጽዋ ላይ ሲታይ፣ አንዱ የ5,000 ሌላው የ2,500 ጠገራ ብር የሆኑ ሁለት ሐዋላዎች ይዞ ነበር።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና በዚህ ላይ ጥቂት ብናገር አንባቢ ይታገሠኝ። ሐዋላም ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ሩቅ ላለ ሰው፣ ይህን ወረቀት ላመጣልህ ይህን ያህል ክፈለው ሲል ይጽፋል። ወረቀቱ በራሱ ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘብ የሚሆነው በሁለቱ ሰዎች መካከል መተማመን ሲኖር ነው። መንገድ ላይ ሽፍታ፣ በረሃ፣ በሽታ አለ፤ ከፋዩ ቢክድ የሚከሰስበት ዳኛ በቅርብ የለም። በዚያ ዘመን የሐረር ንግድ የቆመው በእንዲህ ዓይነት ወረቀቶች ላይ ነበር። ራምቦና መኮንንም ለዓመታት ተገበያዩ፣ ተከራከሩ፣ ክፍያ ዘገየ፣ ተነጫነጩ። ነገር ግን ያ ሁሉ ክርክር ሁለት ሰዎችን ሊያለያይ እንደሚችል ሁሉ ሊያስተዋውቅም ይችላል። በገንዘብ የፈተንከውን ሰው ታውቀዋለህ። ይህን በሥራዬ በየዕለቱ አየዋለሁ።

በ1891 መጀመሪያ ላይ የራምቦ ቀኝ ጉልበት አበጠ። መራመድ ተሳነው፤ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሸቀጡን ሸጠ፣ ሒሳቡን ዘጋ። በሸራ የተሸፈነ ቃሬዛ ራሱ ነድፎ አሠርቶ፣ 16 ተሸካሚዎች ቀጥሮ፣ በኤፕሪል 7 ቀን ከሐረር ወጣ። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የዘይላ መንገድ በ12 ቀን ያህል ጨረሱት። በመንገድ ላይ በየቀኑ አጫጭር ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ ዝናቡን፣ ሕመሙን፣ የዘገየውን የግመል ጭነት። ከዘይላ በመርከብ ወደ ኤደን፣ ከኤደን ወደ ማርሴይ ተሻገረ። ሜይ 20 ቀን ማርሴይ ደርሶ ኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል ገባ።

በሁለተኛው ቀን ለእናቱ ቴሌግራም ላከ። አንቺ ወይም ኢዛቤል ዛሬውኑ በፈጣን ባቡር ኑ፤ ሰኞ እግሬ ይቆረጣል፤ የሞት አደጋ አለ፤ የሚስተካከል ከባድ ጉዳይ አለ፤ የሚል ይዘት ነበረው። ሰላምታ የለውም። ቴሌግራም በቃል ቁጥር ስለሚከፈልበት አንፍረድበት፤ የአንድ ልጅ ጩኸት ነውና በራሱ ልብ ይሰብራል። ሜይ 27 ቀን ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ከዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ሜይ 30 የሚል ቀን ጽፎ፣ ለራስ መኮንን ደብዳቤ ላከ። መኮንን በዚያን ጊዜ ከኢጣልያ መልእክታቸው ተመልሰው ራስ ተብለዋል። አንባቢ ሆይ፣ የደብዳቤውን ቅደም ተከተል ልብ ብለህ ተመልከት። አስቀድሞ፣ እንደምን ሰንብተዋል ይላል። ቀጥሎ ጤናና ሙሉ ደስታ ይመኝላቸዋል። ከዚያ እግዚአብሔር የልብዎን ሁሉ ይስጥዎ፣ ዕድሜዎ በሰላም ይለፍ ብሎ ይመርቃቸዋል። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ብቻ፣ ከፈረንሳይ አገር ከማርሴይ ሆኖ እንደሚጽፍ፣ ሆስፒታል እንደተኛ፣ እግሩም እንደተቆረጠ ይናገራል። አሁን ደህና ነኝ፣ በሃያ ቀን ገደማ እድናለሁ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ቀድሞው ልነግድ ወደ ሐረር እመለሳለሁ፤ እስከዚያው ሰላምታዬን ላቀርብልዎ አሰብኩ ሲል በአክብሮት ይሰናበታል።

ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ አካሄዱ ግን የእኛ ነው። እግሩን ካጣ ገና ሳምንት ያልሞላው ሰው፣ በሕመም አልጋ ላይ ሆኖ፣ ስለ ራሱ ከመናገሩ በፊት የሌላውን ጤና ይጠይቃል፣ ይመርቃል። ይህን አጻጻፍ ያገኘው ከማርሴይ አይደለም። ደብዳቤ ሰላምታ ከሌለው ደብዳቤ እንዳልሆነ በሚያውቁ ሰዎች መካከል ለዓመታት ኖሮ የቀሰመው ነው ብዬ አምናለሁ። ለእናቱ በላከው ቴሌግራም ውስጥ የምናገኘው የሚጨነቅ ሰው ነው፤ ለራስ መኮንን በጻፈው ውስጥ የምናገኘው ግን ከወዳጅ ቤት የሄደ እንግዳ ነው። ለምን ጻፈው? የሚጠይቀው ብር የለም፤ የሚያዝዘው ሸቀጥ የለም። ጉዳዩ ሰላምታው ነበር።

ከሐረር መልስ መጣ። ራስ መኮንን ጁላይ 12 ቀን 1891፣ በእኛ አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. የሐምሌ ወር በገባ ሳምንት፣ ጻፉለት። ጊዜው ቀላል አልነበረም። «ክፉ ቀን» የሚባለው ታላቅ ረሃብ አገሩን የያዘበት፣ ከብቱ በበሽታ ያለቀበት ዘመን ነው፤ ሐረርም ከመከራው አላመለጠችም። በዚያ ላይ ራስ መኮንን የጠረፍ አገር ገዢ፣ ከኢጣልያኖች ጋር የተደረገውን ውል የያዙ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የውጭ አገር ዓይን ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው እግሩ ለተቆረጠ አንድ ነጋዴ መልስ ለመስጠት ብዙ ቃል ባያባክን ማንም አይፈርድበትም ነበር።

ደብዳቤያቸው አጭር ናት፤ ነገር ግን ምንም አልጎደላትም። እንደምን ሰንብተሃል ብለው ይጠይቃሉ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ይላሉ። እግሩን መቆረጡን በመደነቅና በሐዘኔታ እንደሰሙ፣ ሕክምናው ስለተሳካም ፈጣሪን እንደሚያመሰግኑ ይነግሩታል። ወደ ሐረር ተመልሶ ሊነግድ ማሰቡ ደስ እንዳሰኛቸው ገልጠው፣ ቶሎ በጤና ተመለስ ይሉታል፤ ምንጊዜም ወዳጅህ ነኝ ብለውም ይፈጽማሉ። እርሱ «እርስዎ» ብሎ ጻፈ፤ እርሳቸው «አንተ» ብለው መለሱ። በዚህ «አንተ» ውስጥ የጌታና የነጋዴ ልዩነት አለ፤ የወዳጅ ቅርበትም አለ። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ቃል ይይዛል።

በዚያው ወር ከሐረር ሌላም ደብዳቤ ወጣ፤ ጸሐፊው ዲሚትሪ ሪጋስ የሚባል በከተማው የሚኖር ግሪካዊ ነጋዴ ነው። የሪጋስ ቋንቋ የተማረ ሰው ቋንቋ አይደለም፤ ፈረንሳይኛው የተሰባበረ ነው። ነገር ግን የሚለውን ስሙ፦ ካንተ እግር ይልቅ የእኔ ቢቆረጥ በወደድኩ ነበር ይለዋል። አንተ ከሐረር ከወጣህ ጀምሮ ዓለምን ያጣሁ መሰለኝ፤ ከቤቴ የምወጣው እስከ ዛፕቲያ ድረስ ብቻ ነው ይለዋል። ዛፕቲያ ማለት በቱርክኛ የጥበቃ ጣቢያ ነው፤ ግብፆች ሄደው ቃላቸው በከተማው እንደቀረ ከዚህ እንረዳለን። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፣ የወዳጅ መለየትን ለመግለጥም ብዙ ቃል አባክኛለሁ። ይህ ግሪካዊ ግን ናፍቆትን በእርምጃ ለካው፦ ዓለም ማለት ለእርሱ ከቤቱ እስከ ጥበቃ ጣቢያው ሆና ቀረች። ስንት ገጣሚ ይህን ያህል ይላል?

የእነዚህን ደብዳቤዎች መንገድም እናስብ። የምኒልክ ፖስታ ገና አልተቋቋመም፤ የመጀመሪያው የፖስታ አዋጅ የወጣው በ1894 ነው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። በ1891 ክረምት ከሐረር የወጣ ወረቀት ከቅፍለት ጋር በጊልዴሳ አድርጎ፣ በበረሃው ወርዶ፣ ዘይላ ይደርሳል፤ ከዘይላ በጀልባ ወደ ኤደን፣ ከኤደን በስዊዝ በኩል ወደ ማርሴይ ይሻገራል። ራምቦ ራሱ በዚሁ መንገድ ሲመጣ ሐረር–ዘይላ 12 ቀን ያህል፣ ኤደን–ማርሴይ 11 ቀን ወስዶበታል። ስለዚህ ጁላይ 12 ቀን የተጻፈው ደብዳቤ ከኦገስት በፊት ሊደርስ አይችልም። ራምቦ ደግሞ ጁላይ 23 ቀን ሆስፒታሉን ለቅቆ፣ በምርኩዝ፣ በሰሜን ፈረንሳይ ወደሚገኘው ወደ እናቱ እርሻ ወደ ሮሽ ሄዷል። የሐረር ናፍቆት በባሕርና በየብስ እየተከተለ የሚፈልገው ሰው ሆነ።

በሮሽም አልቆየም። አንድ ወር ቆይቶ፣ በሽታው እየጸናበት፣ ከእኅቱ ከኢዛቤል ጋር በኦገስት 23 ወደ ማርሴይ ተነሣ። ወደ ፀሐይ፣ ወደ ባሕር፣ ከተቻለም ወደ ሐረር ለመቅረብ ነበር። ኢዛቤል ኦክቶበር 28 ቀን ለእናቷ በጻፈችው ደብዳቤ ወንድሟ በሰመመን የሚናገረውን ታወሳለች። ሐረር ነን ይላታል፤ ወደ ኤደን ልንነሣ ነውና ግመል እንፈልግ፣ ቅፍለቱን እናሰናዳ ይላታል፤ በሰው ሠራሽ እግሩ እንደ ልቡ ይራመዳል፤ ባማረ ኮርቻ በተጫኑ በቅሎዎች ሲሄዱም ይታየዋል። አንዳንድ ጊዜ እርሷን ራሷን ጃሚ ብሎ ይጠራታል።

ጃሚ የሐረር አገልጋዩ ነው፤ ሚስትና ልጅ ያለው ወጣት ነበር። በዚያ በመጨረሻው ሰዓት በራምቦ አንደበት የነበረው ስም የአንድ ባለቅኔ ወይም የአንድ ነጋዴ ስም አልነበረም፤ የጃሚ ስም ነበር። 3,000 ፍራንክ እንዲደርሰውም ተናዟል። ራስ መኮንን ጽፈዋል፤ ሪጋስ ጽፏል፤ የጃሚ ስም ግን ወደ እኛ የደረሰው በሌሎች ሰዎች ደብዳቤ ውስጥ ነው። ከፍቅር ሁሉ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ጥቂቱ ነው።

ኖቬምበር 9 ቀን ራምቦ የመጨረሻ ደብዳቤውን ለኢዛቤል አጻፈ። ለመርከብ ኩባንያ ሹም የተጻፈ ነው። ሰውነቴ ሁሉ ደርቋልና በጊዜ መሳፈር እፈልጋለሁ፣ በስንት ሰዓት ተሸክመው እንደሚያመጡኝ ንገሩኝ የሚል ነው። በማግሥቱ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1891፣ በ37 ዓመቱ ዐረፈ። ራስ መኮንን «ቶሎ ተመለስ» ብለው ጽፈውለት ነበር፤ እርሱም እስከ መጨረሻው ቀን እየተመለሰ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እናተርፋለን?

በባንክ ቤት አንድ ቀላል ሕግ አለ፤ የአንድን ሰው ሒሳብ በአንድ ወገን መዝገብ ብቻ መዝጋት አይቻልም። የወጣውን የሚያሳይ መዝገብ አለ፤ የገባውን የሚያሳይም አለ። ሁለቱ ሲተያዩ ነው እውነቱ የሚታወቀው። ራምቦን ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ብዙዎች የመዘኑት በወጣው መዝገብ ነው፤ እርሱ በጻፋቸው፣ መሰልቸትና ስሌት በሞላባቸው ደብዳቤዎች። በዚያ ሒሳብ ሰውየው ባዶ ነው፤ የሚወደውም የሚወድደውም የለም። በጁላይ 1891 ከሐረር የተጻፉለትን ባነበብን ጊዜ ግን የገባው መዝገብ ይከፈታል። የእኔ እግር በተቆረጠ የሚል ወዳጅ ነበረው። በረሃብ ዘመን አንድ ራስ ቶሎ በጤና ተመለስ ብለው ጽፈውለታል። ራሱን የማይወድ ሰው እንኳ ሊወደድ እንደሚችል፣ ይህንንም ከራሱ አፍ ሳይሆን ከሌሎች ብዕር እንደምንሰማ ሐረር አስተማረችን። ጥፋቱን አይሽርለትም፤ ለኢልግ የጻፈው ስለ ባሪያ ልጆቹም በመዝገቡ ላይ ይኖራል። ሒሳብ ግን ሙሉ ሲሆን ነው ሒሳብ የሚባለው።

ሌላም ነገር እናተርፋለን። በእኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ደብዳቤ የሚገባውን ነደባ ያገኘ አይመስለኝም። ቅኔውን፣ ልብ ወለዱን፣ ተውኔቱን እናወሳለን፤ የአባቶቻችንን ደብዳቤ ግን በሣጥን ሥር ለአይጥና ለብል ትተነዋል። የታዋቂ ሰው ከሆነ የጻፈው ይፈለግለታል፤ የተጻፈለት ግን አይፈለግም። በየቤታችን ጓዳ፣ በቢስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታጥፈው የተቀመጡ፣ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» የሚሉ ወረቀቶች ስለ ወላጆቻችን፣ እነርሱ ራሳቸው ስለ ራሳቸው ያልነገሩንን ሊነግሩን ይችላሉ። በዚያ ሰላምታ ብዛት አንሳቅ። ሐምሌ ዝናብ ሲወርድ፣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ፣ ወረቀቱ መድረሱ ሳይታወቅ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሌላው ደህና መሆኑን ጠይቋል። ከዚያ የበለጠ ጉዳይ የለውም ነበር።

ዛሬ መልእክት በቅጽበት ይደርሳል፤ የማይደርስ ሰላምታ የለም ለማለት ይቻላል። ለዚህ ይሆን ሰላምታውን ያሳጠርነው? በቅርቡ ከወዳጅ ቤት በእንግድነት ሰንብታችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ እስቲ አንድ ወረቀት አንሡ። ስለ ማዕዱም፣ ስለ መንገዱም፣ ስለ ልጆቹም ጻፉ፤ ቀድማችሁ ግን ጤናውን ጠይቁት። የጻፋችሁለት ሰው ምን ያህል ይወደድ እንደነበር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያውቅ ሰው ሊኖር የሚችለው በእናንተ ወረቀት ነው።

ቸር ይግጠመን።